በፈሳሽ ሜምብሬን መድኃኒትን ከውሃ ማውጣት፦ ከሰሜን ሸዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ በላብራቶሪ ለሚሠሩ፣ ኬሚስትሪና አካባቢ ምህንድስና ለሚያጠኑ፣ እንዲሁም የጤና ተቋም ፍሳሽ ለሚመለከታቸው ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ከመጀመሪያው አንድ ነገር ይያዝልን፦ ፈሳሽ ሜምብሬን መድኃኒቱን አያጠፋውም፤ ከብዙ ውሃ ሰብስቦ ጥቂት ውሃ ውስጥ ያጠራቅመዋል። ስለዚህ ሥራውን የምንመዝነው በሁለት ነገር ነው፦ በወጣው ውሃ ውስጥ ምን ቀረ? የተጠራቀመውስ የት ገባ?

መድኃኒት ወንዝ ውስጥ በምን በኩል ይገባል?

የምንውጠው ሁሉ ሰውነት ውስጥ አያልቅም። ሜትፎርሚን ሳይለወጥ በሽንት ይወጣል፤ ከአሞክሲሲሊንም ከግማሽ የሚበልጠው እንዲሁ ይወጣል። በዚህ ላይ የሆስፒታል እጥበት፣ መታጠቢያ ውስጥ የሚደፋ ሽሮፕ፣ ለበግና ለከብት የሚወጋ ኦክሲቴትራሳይክሊን ይጨመራል። ሴፕቲክ ታንክ የተሠራው ሰገራ ለማብላላት ስለሆነ ከእነዚህ ሞለኪውሎች ብዙዎቹን ሳይነካ ያሳልፋቸዋል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ የታወቀ ነው፦ ከደብረ ብርሃን የወረደው በበሬሳ ወደ ጀማ፣ ከጀማ ወደ ዓባይ ይሄዳል፤ ከገደሉ በታች በሸዋ ሮቢት በኩል ያለው ደግሞ ወደ አዋሽ።

መጠኑ ይህን ያህል ትንሽ ከሆነ ምን ያስጨንቃል?

በወንዝ ውስጥ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ በሊትር ከናኖግራም እስከ ጥቂት ማይክሮግራም ነው። ጠጥቶት ወዲያው የሚታመም ሰው የለም። ችግሩ የማያቋርጥ መሆኑ ላይ ነው። ካናዳ ውስጥ ለምርምር በተለየ ሐይቅ ላይ የወሊድ መቆጣጠሪያ ሆርሞን በሊትር ከ5 እስከ 6 ናኖግራም እንዲሆን ሲጨመር፣ ወንዶቹ ዓሣዎች የሴት ባሕርይ አመጡ፤ የአንዱ ትንሽ ዓሣ ቁጥርም ሊጠፋ ደረሰ። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ሲሆን ደግሞ ትንሹ መጠን ራሱ መድኃኒቱን የለመዱ ጀርሞችን እየመረጠ ያቆያል፤ ያ ውሃ መስኖ ላይ ሲውል ነገሩ ጓሮ ድረስ ይመጣል።

ዳይክሎፌናክ በደቡብ እስያ ጥንብ አንሶችን እንደጨረሰ ብዙ ሰው ሰምቷል። እውነት ነው፤ ምክንያቱም በ2004 ታውቋል። ነገር ግን ወፎቹ የሞቱት በመድኃኒቱ የታከመ ከብት ሬሳ በልተው ነው፣ የወንዝ ውሃ ጠጥተው አይደለም። ሁለቱ ሲምታቱ ስለምናይ ነው ይህን ማንሳታችን።

ማፍላት ወይም ውሃ አጋር (ክሎሪን) መጨመር አይበቃም?

ለመድኃኒቱ አይበቃም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ አይቡፕሮፌን ወይም ካርባማዜፒን በዚህ ሙቀት አይበታተንም። እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው ይወፍራል። ክሎሪን ከፓራሲታሞል ጋር ሲገናኝ ከራሱ ከፓራሲታሞል የከፉ ኪኖን የሚባሉ ውህዶች ሊፈጥር ይችላል። ቢሆንም ማፍላቱንም ክሎሪኑንም እንዳይተዉ፤ ታይፎይድና ተቅማጥ ዛሬ የሚገድሉ ናቸው፣ እነሱን ደግሞ ሁለቱም በደንብ ይከላከላሉ።

ፈሳሽ ሜምብሬን ምንድን ነው?

ሁለት ውሃዎችን የሚለያይ፣ ከሁለቱም ጋር የማይቀላቀል ስስ የዘይት ሽፋን ነው። መድኃኒቱ ከአንደኛው ውሃ ወደ ዘይቱ፣ ከዘይቱ ወደ ሁለተኛው ውሃ ይሻገራል። አሠራሩ ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ዘይቱን በሁለት ውሃዎች መካከል በጅምላ ማስቀመጥ ነው፤ ለማስተማሪያ ጥሩ፣ ለሥራ ግን ዘገምተኛ። ሁለተኛው ዘይቱን ቀዳዳቸው 0.2 ማይክሮሜትር አካባቢ በሆነ የፖሊፕሮፒሊን ወይም የቴፍሎን ፊልም ውስጥ ማስረግ ነው። ሦስተኛው የኢመልሽን ሜምብሬን ነው፤ ኖርማን ሊ የፈጠራ መብቱን ያገኘበት በ1968 ነው። በዚህኛው የውስጥ ውሃ ጥቃቅን ጠብታ ሆኖ ዘይት ውስጥ ይታሰራል፣ ያ ዘይት ደግሞ በሚታከመው ውሃ ውስጥ ይበተናል። የመገናኛ ስፋቱ እጅግ ሰፊ ስለሆነ ሥራው በደቂቃዎች ያልቃል። ከዚህ በታች የምንናገረው በአብዛኛው ስለዚህኛው ነው።

መድኃኒቱ ለምን ገብቶ አይመለስም?

ምሥጢሩ ፒኤች (የውሃው አሲድነት መለኪያ) ላይ ነው። አይቡፕሮፌን ደካማ አሲድ ነው፤ ፒኬኤው (ግማሹ ቻርጅ የሚይዝበት ፒኤች) 4.9 ገደማ ነው። በፒኤች 3 ውሃ ውስጥ 98.8 በመቶው ቻርጅ የሌለው ሞለኪውል ስለሆነ ዘይት ይወደዋል። በፒኤች 7 ግን እንዲህ ያለው 0.8 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ የውጩን ውሃ ወደ 3 ዝቅ እናደርጋለን፣ በውስጡ ጠብታ ውስጥ ደግሞ 0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ (ኮስቲክ ሶዳ) እናስቀምጣለን። አይቡፕሮፌኑ ዘይቱን አልፎ ውስጥ ሲደርስ ወዲያው ጨው ይሆናል፣ ጨው ሆኖ ደግሞ ዘይቱን መልሶ መሻገር አይችልም። ውስጥ ያለው ነጻ አይቡፕሮፌን ሁልጊዜ ዜሮ አካባቢ ስለሚሆን ፍሰቱ አይቆምም።

የትኛው መድኃኒት ይወጣል፣ የትኛው ያስቸግራል?

ለዘዴው የሚመቹት ዘይት የሚወዱ ደካማ አሲዶች ናቸው፦ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ (ፒኬኤ 4.15 ገደማ)፣ ናፕሮክሲን። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል ፒኬኤው ከ7 በላይ ስለሆነ አሲድ ሳይበዛበት ፒኤች 5 ላይ ሊሠራ ይችላል፤ ብዙ ሰው ይህን አጋጣሚ ያልፈዋል።

ካርባማዜፒን ትምህርት የሚሰጥ ነው። በየትኛውም ፒኤች ቻርጅ ስለሌለው ዘይት ውስጥ በደንብ ይገባል፤ ነገር ግን የውስጡ ኮስቲክ አይዘውም። በሁለቱም በኩል ሲተካከል ይቆማል። ዘይት ውስጥ መግባትና መያዝ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሲፕሮፍሎክሳሲን ሁለት ፒኬኤ አለው፣ 6.1 እና 8.7 ገደማ። በመካከላቸው ሲሆን አዎንታዊና አሉታዊ ቻርጅ በአንድ ጊዜ ስለሚይዝ ዘይት አይነካውም። ፒኤቹን ወደ 5 አውርዶ አዎንታዊ አዮን ማድረግ፣ ዘይቱ ውስጥ እንደ ዲ2ኢኤችፒኤ ያለ አሲዳማ ተሸካሚ (መድኃኒቱን ይዞ ዘይቱን የሚያሻግር ውህድ) ማስገባት፣ ውስጡን ደግሞ በኮስቲክ ፈንታ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ማድረግ ያስፈልጋል። ኦክሲቴትራሳይክሊንም ከዚህ ወገን ነው፤ በዚያ ላይ ከካልሲየምና ከማግኒዥየም ጋር ስለሚተሳሰር በተጣራ ውሃ የሠራው ዘዴ በጉድጓድ ውሃ ላይ ሊከሽፍ ይችላል።

ፓራሲታሞል ውሃ ወዳድ ስለሆነ ያለ ተሸካሚ አይሞከርም። ሜትፎርሚን በማንኛውም የተለመደ ፒኤች አዎንታዊ አዮን ነው፤ በዚህ ዘዴ ጊዜ ባያጠፉበት እንመክራለን። አሞክሲሲሊን በአሲድም በቤዝም ራሱ ስለሚበታተን የተለካው መቀነስ የሜምብሬኑ ሥራ ነው ብሎ መደምደም ያሳስታል።

በላብራቶሪ አንድ ሙከራ እንዴት ይሠራል?

በአይቡፕሮፌን ይጀምሩ። የእንክብል መሙያ ንባቡን ስለሚያበላሽ ንጹሑን ዱቄት ይጠቀሙ። 100 ሚሊግራም ዱቄት በ10 ሚሊ ሊትር 0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ያሟሙና በተጣራ ውሃ 1 ሊትር ይሙሉት። ከዚህ 50 ሚሊ ሊትር ወስደው ወደ 500 ያሳድጉ፤ በሊትር 10 ሚሊግራም ይሆናል። ከዚያ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፒኤቹን 3 ያድርጉት። በሊትር ከ10 ሚሊግራም አይለፉ፤ ቻርጅ የሌለው አይቡፕሮፌን በ25 ዲግሪ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው በሊትር 21 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው።

ዘይቱን ለማዘጋጀት 1 ግራም ስፓን 80 (ጠብታዎቹ መልሰው እንዳይዋሃዱ የሚያደርግ ኬሚካል) በኬሮሲን (ላምባ) አሟምተው 25 ሚሊ ሊትር ያድርሱት። ስፓን 80 በጠዋት ብርድ ስለሚወፍር ጠርሙሱን በሞቀ ውሃ 30 ዲግሪ ያድርሱት፤ ያለዚያ የሚመዘነው ልክ አይሆንም። ለአይቡፕሮፌን ተሸካሚ አያስፈልግም።

አሁን ዘይቱን በሆሞጂናይዘር በደቂቃ 8,000 ዙር እያዞሩ 25 ሚሊ ሊትር 0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በጠብታ ይጨምሩ። በአንድ ጊዜ ከተደፋ ኢመልሽኑ ይገለበጣል፤ ማለትም ዘይቱ ውሃ ውስጥ ይበተናል። ጨምረው ሲጨርሱ 5 ደቂቃ ያዙሩት፣ ቢከሩ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይቀመጥ። መጨረሻ ላይ እንደ እርጎ ነጭና ወፍራም ይሆናል። አንድ ጠብታ ንጹሕ ውሃ ላይ ይጣሉ፦ ጠብታው ሳይበተን ከተንሳፈፈ ውጩ ዘይት ነው፣ ትክክል ነው። ውሃውን ወተት ካስመሰለው ተገልብጧል፤ ይደፋና እንደገና ይጀመራል።

50 ሚሊ ሊትሩን ኢመልሽን ወደ 500 ሚሊ ሊትሩ ውሃ ጨምረው በደቂቃ 250 ዙር ለ10 ደቂቃ ያማስሉ። በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ5ኛውና በ10ኛው ደቂቃ ናሙና ይውሰዱ። ከዚያ በመለያ ፈነል ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይረፍ፤ ኢመልሽኑ ከላይ ይሰበሰባል፣ ውሃው ከታች ይቀዳል። ሁሉም ከገባ 5 ሚሊግራሙ መድኃኒት በ25 ሚሊ ሊትር ውስጥ ይጠራቀማል፤ በሊትር 200 ሚሊግራም፣ ማለት 20 እጥፍ ወፍሯል።

ሆሞጂናይዘር ከሌለ የጁስ መፍጫ አይጠቀሙ። ሞተሩ ብልጭታ ያወጣል፣ ኬሮሲን ደግሞ ከ38 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል።

ኢመልሽኑ ለምን ይፈርሳል?

ምክንያቱ ብዙ ነው፤ በብዛት የሚያጋጥሙት ግን ሦስት ናቸው። ስፓን 80 ሲያንስ ጠብታው ይሰነጠቃል፤ ከ5 በመቶ በጣም ሲያልፍ ደግሞ ዘይቱ ይወፍርና መድኃኒቱ ይዘገያል፣ ውሃም አብሮ ይገባል። ሁለተኛው ኮስቲክን ማብዛት ነው። ስፓን 80 ራሱ ኤስተር ስለሆነ ጠንካራ ቤዝ ይበላዋል፤ «ለእርግጠኝነት» ብለው 1 ሞላር የሚያደርጉ ሰዎች የሚያፈርሱት የራሳቸውን ሜምብሬን ነው። ያለ ምክንያትም ነው የሚያበዙት፦ ከላይ ባለው ሙከራ ውስጥ 2.5 ሚሊሞል ኮስቲክ አለ፣ የሚያዘው መድኃኒት ግን 0.024 ሚሊሞል ብቻ ነው። ሦስተኛው ማማሰሉን ማፍጠን ነው፤ ከ400 ዙር በላይ ሲሆን የተያዘው መልሶ ይፈስሳል።

መፍረሱን መለካት ቀላል ነው። መድኃኒትም አሲድም የሌለበት 500 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ 0.1 ሞላር የገበታ ጨው ያሟሙ፤ ጨው ከሌለ ውሃው በኦስሞሲስ ወደ ውስጥ ገብቶ ጠብታውን ስለሚያሳብጠው ነው። ኢመልሽኑን ጨምረው 10 ደቂቃ ያማስሉና ፒኤቹን ያንብቡ። ከ7 ወደ 10 ከወጣ የውስጡ ውሃ 2 በመቶ ፈስሷል ማለት ነው፤ 9 ከሆነ 0.2 በመቶ። ይህን ፈተና በአሲድ ውሃ ላይ ማድረግ ከንቱ ነው፤ የፈሰሰውን ኮስቲክ አሲዱ ይደብቀዋል። ማበጡን ደግሞ በመለኪያ ሲሊንደር ያዩታል፦ 50 ሚሊ ሊትር የገባው 56 ሆኖ ከወጣ 12 በመቶ አብጧል።

የደብረ ብርሃን ብርድ ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። የውሃ ውፍረት በ25 ዲግሪ 0.89 ሚሊፓስካል ሰከንድ ሲሆን በ10 ዲግሪ 1.3 ይደርሳል፤ ለመለየት ግማሽ ሰዓት የበቃው 45 ደቂቃ ይፈልጋል። ዘይቱም ስለሚወፍር መድኃኒቱ ቀስ ብሎ ይሻገራል። ጠዋት የተሠራንና ከሰዓት በኋላ የተሠራን ሙከራ ያለ ሙቀት መቆጣጠሪያ ማወዳደር ስለዚህ አይቻልም፤ ሁሉንም በ25 ዲግሪ የውሃ ገንዳ ውስጥ ያድርጉት። ሸዋ ሮቢት ላይ ችግሩ ተቃራኒ ነው፦ ኬሮሲኑ ይተንናል፣ ኢመልሽኑም ቶሎ ይፈርሳል።

ኬሮሲንን በኑግ ዘይት መተካት ይቻላል?

ሐሳቡን እንወደዋለን፤ መርዛማነቱ ያነሰ ነው፣ ኑጉም ከአገር የተገኘ ነው። ነገር ግን ጥሬ የኑግ ዘይት ነጻ የቅባት አሲድ አለው። ያ አሲድ ከውስጡ ኮስቲክ ጋር ሲገናኝ ሳሙና ይሆናል፤ ሳሙና ደግሞ ስፓን 80 የሚሠራውን ተቃራኒ ይሠራል፣ ኢመልሽኑን ይገለብጠዋል። ስለዚህ ዘይቱ አስቀድሞ በደካማ የኮስቲክ ውሃ ይታጠባል፣ ከዚያ ሳሙናው እስኪጠፋ በለብ ያለ ውሃ ይታጠባል፣ በመጨረሻም እርጥበቱ እንዲወጣ ይደርቃል። ከዚያም በኋላ ውፍረቱ ከኬሮሲን ከ20 እጥፍ በላይ ስለሆነ 10 ደቂቃ የነበረው ሊረዝም እንደሚችል ይወቁ። የተልባ ዘይትን አንመክርም፤ አየር ሲያገኝ ይደርቃል፣ ይጋገራል። በስፓን 80 ፈንታ ላርጎ መጠቀምም አይሆንም፤ ላርጎ ዘይትን በውሃ ውስጥ ለመበተን የተሠራ ነው፣ የምንፈልገው ግን ተቃራኒውን ነው።

98 በመቶ ወጣ የሚል ውጤት መቼ ይታመናል?

ሦስት ማረጋገጫ ሲቀርብ። አንደኛው ያለ ኢመልሽን አሲድ ብቻ ጨምሮ ማየት ነው። ዳይክሎፌናክ አሲድ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው በሊትር 2.4 ሚሊግራም አካባቢ ነው። በሊትር 20 ሚሊግራም አዘጋጅቶ ፒኤቹን 3 ያደረገ ሰው መድኃኒቱ ከታች ዘቅጦ ሳለ «ሜምብሬኑ አወጣው» ሊል ይችላል። ይህ ስሕተት በጣም የተለመደ ስለሆነ ያለዚህ ማረጋገጫ የቀረበ ቁጥር ባይወሰድ ይሻላል።

ሁለተኛው መድኃኒት በሌለበት ውሃ ላይ ኢመልሽኑን ማማሰል ነው። አይቡፕሮፌን የሚለካው በ222 ናኖሜትር ነው፤ ከኬሮሲንና ከስፓን 80 ወደ ውሃው የሚሟሟውም እዚያው አካባቢ ብርሃን ይውጣል። ይህ ከንባቡ ካልተቀነሰ ቁጥሩ ይዋሻል። ኤችፒኤልሲ (ውህዶችን ለያይቶ የሚለካ መሣሪያ) ካለ ችግሩ ይቃለላል። ሦስተኛው ሂሳቡን መዝጋት ነው፦ ከውጭ የጠፋው ከውስጥ መገኘት አለበት። ኢመልሽኑን አፍርሰው የውስጡን ውሃ ይለኩ።

ከእነዚህም በላይ የምናስቀድመው ኬሚካል የኦክስጅን ፍላጎትን ነው። በሊትር 10 ሚሊግራም አይቡፕሮፌን ለመቃጠል 26 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይፈልጋል፤ በሊትር 10 ሚሊግራም ኬሮሲን ደግሞ 35 ያህል። መድኃኒቱን አውጥቶ ይህን ያህል ዘይት የተወ ሥራ ውሃውን ያባብሰዋል። ስለዚህ የወጣው ውሃ በጥጥ ወይም በከሰል ማጣሪያ ሳያልፍ፣ ፒኤቹም ወደ 7 ሳይመለስ የትም መለቀቅ የለበትም።

ለሆስፒታል ፍሳሽ ሊተከል ይችላል?

በቀን 10 ሜትር ኪዩብ እንውሰድ፤ አምስት ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ማለት ነው። በ1 ለ 10 ሂሳብ 1 ሜትር ኪዩብ ኢመልሽን፣ በውስጡም 500 ሊትር ኬሮሲንና 20 ኪሎ ስፓን 80 ያስፈልጋል። እየፈረሰና እየተመለሰ ስለሚሠራ ይህ የመነሻ ወጪ ነው። የየዕለቱ ወጪ አሲዱ ነው፦ የውሃው አልካሊኒቲ (አሲድ የመቋቋም አቅሙ) በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ በሊትር 200 ሚሊግራም ከሆነ 10 ሜትር ኪዩቡን ፒኤች 3 ለማድረስ 1.4 ሊትር ገደማ ያልቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ማማሰያው ስለሚቆም ያልተለየ ውሃ እንዳይፈስስ የመውጫው ቫልቭ በራሱ የሚዘጋ መሆን አለበት።

ፍርዳችንን ከጠየቁ፣ ከሁሉም ቦታ ተቀላቅሎ ለሚመጣ ቀጭን ፍሳሽ አክቲቬትድ ካርቦን ይሻላል። ፈሳሽ ሜምብሬን ቦታው ምንጩ ላይ ነው፦ መድኃኒት የሚቀመምበት ወይም የሚታጠብበት ክፍል፣ ውሃው ጥቂትና ወፍራም የሆነበት። ከመኝታ ክፍል እጥበትና ከማእድ ቤት ፍሳሽ ጋር ከተቀላቀለ ሳሙናው ብቻውን ኢመልሽኑን ያፈርሰዋል። ቤት ውስጥ ለመጠጥ ውሃ ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም።

በፊልም ላይ የሚሠራው አይሻልም?

የሚፈልገው ዘይት እጅግ ትንሽ ነው፣ መፍረስ የሚባል ጣጣም የለውም። ነገር ግን ዘይቱ ከቀዳዳዎቹ ቀስ በቀስ እየታጠበ ይወጣል፣ እንደገናም መነከር አለበት። ለትልቅ ፍሳሽ አንመርጠውም፤ ናሙና አጠራቅሞ ለመለካት ግን ድንቅ ነው። ከበሬሳ የተቀዳ ውሃ ውስጥ ያለውን ናኖግራም መሣሪያው ሊያየው ወደሚችለው መጠን ያሳድገዋል።

የተጠራቀመው መድኃኒትና ያገለገለው ዘይት የት ይገባል?

ኢመልሽኑን ለማፍረስ በክፍት እሳት ማሞቅ ክልክል ነው። በተከደነ ጠርሙስ ሌሊቱን ፍሪዘር ውስጥ በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ያሳድሩት፤ የውስጡ ጠብታ ሲበርድ ያብጥና ሽፋኑን ይሰነጥቃል፣ ኬሮሲኑ ግን ፈሳሽ እንደሆነ ይቆያል። ሲቀልጥ ሁለት ንብርብር ይሆናል። አንዴ ካልበቃ ይደገማል። ተራ የምግብ ፍሪጅ ለዚህ አይሆንም፤ ትነቱ ውስጥ ባለው የኤሌክትሪክ መቀያየሪያ ሊቀጣጠል ይችላል።

የታችኛውን ውሃ በአሲድ ወደ ፒኤች 3 ያውርዱት። በሊትር 200 ሚሊግራም የነበረው አይቡፕሮፌን ከመሟሟት አቅሙ በላይ ስለሚሆን አብዛኛው ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ይወርዳል፤ በማጣሪያ ወረቀት ይያዛል። በውሃው የቀረው በፌንተን ዘዴ፣ ማለትም በብረት ሰልፌትና በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይቃጠላል፤ ፒኤቹ አስቀድሞ 3 ስለሆነ ለዚያም ተስማሚ ነው። የሚቃጠለው ውሃ ከመነሻው አንድ ሃያኛ ብቻ መሆኑ ነው የዚህ ሁሉ ድካም ትርፉ። ዝቃጩና ከአምስትና ስድስት ዙር በኋላ የደከመው ዘይት ስሙ፣ መጠኑና ቀኑ በተጻፈበት ዕቃ ተይዞ በከፍተኛ ሙቀት ወደሚያቃጥል ኢንሲነሬተር ይላካል። ጓሮ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ መቅበር ወይም ከቆሻሻ ጋር ማንደድ አይፈቀድም።